ጉርሻ የበዛበት ትንሽ ውሻ

«ውሻ በበላበት ይጮኻል» የሚለው የአባቶቻችን ቃል፥ ውሻ ለመገበው ሰው ያለውን ታማኝነት የሚያስረዳ ነው። ዳሩ ግን ውሻው ስለ በላበት ቤት የሚጮህ ከሆነ፥ የዚያ ቤት ሰው ደግሞ ምን እንዳበላው ሊያስብበት ይገባል። የዛሬው ጽሑፋችን የሚናገረው፥ በፍቅር ብዛት ከመጠን በላይ ስለሚወፍረውና ሌሊቱን ሙሉ ሲያክክ ስለሚያድረው ትንሽ ውሻ ነው።

በጅማ ከተማና በዙሪያዋ ባሉት የቡና ከተሞች፥ በአጋሮ፥ በሊሙ ገነት፥ በሰቃና በሸቤ፥ ውሻ ከጥንት ጀምሮ የግቢ ጠባቂ ነው፤ በመኸር ጊዜም ቡናውን ከጦጣና ከዝንጀሮ የሚከላከል የሥራ ጓደኛ ነው። እንዲህ ያለው ውሻ ቀኑን ሙሉ ሲሮጥ ስለሚውል፥ ወፈረ ብሎ የሚጨነቅለት የለም። በቤት ውስጥ የሚኖረው ትንሹ ውሻ ግን ኑሮው ሌላ ነው። ትንሽ ውሻን በቤት ማኖር ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም፤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሉሉ የቺዋዋ ዘር እንደ ነበረችና ከንጉሠ ነገሥቱ ጋራ በየሥፍራው ትታይ እንደ ነበር ብዙ ሰው ያስታውሳል። ዛሬም በየከተማው ትንንሽ ውሾችን የሚያሳድጉ ቤተ ሰቦች ብዙዎች ናቸው።

እስቲ ከነዚህ ቤቶች አንዱን በአሳባችን እንመልከት። ቄጠማው ተጎዝጉዟል፤ ቡናው ተቆልቷል፤ ጎረቤት ተሰብስቧል። ውሻውም ቡቺ ይባል። ቡቺ ከእንግዳ ወደ እንግዳ እየዞረ ዓይን ዓይን ያያል። አንዷ ከአምባሻው ቆርሳ ትሰጠዋለች፤ ሌላው ቆሎ ይበትንለታል፤ ልጁም ቅቤ የነካውን እንጀራ በድብቅ ያጎርሰዋል። በአቦሉ የተሰጠው በቶናው ይደገማል፤ በበረካውም ይሠለሳል። ከሰዎቹ አንዱም ብዙ አበላሁት ብሎ አያስብም፤ እያንዳንዱ የሰጠው አንዲት ጉርሻ ብቻ ነውና። የቡቺን ወገብ ያጠፋው ግን የነዚህ ጉርሻዎች ድምር ነው።

ጉርሻ በአገራችን የፍቅር ምልክት ነው። ነገር ግን ጉርሻን የምንለካው በራሳችን አፍ ነው እንጂ በውሻው ሆድ አይደለም። ክብደቱ 5 ኪሎ ግራም የሆነ ውሻ በቡና ነጋዴ ሚዛን ቢመዘን የፈረሱላን ሲሶ እንኳ አይሞላም፤ ፈረሱላ 17 ኪሎ ግራም ነውና። እንዲህ ያለ ሙሉ ዕድሜ የደረሰና በቤት የሚውል ውሻ በቀን የሚያስፈልገው ምግብ 350 ካሎሪ ያህል ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ የተነጠረ ቅቤ ብቻውን ወደ 120 ካሎሪ ይሰጣል። ስለዚህ እመቤቲቱ ምግቡ እንዲጣፍጠው ብላ አንድ ማንኪያ ቅቤ ስታፈስበት፥ የቀኑን ቀለብ ሲሶ ጨመረችለት ማለት ነው።

ውፍረት ለውሻ የደስታ ምልክት አይደለም። 48 የላብራዶር ዘር ውሾችን ጥንድ ጥንድ አድርጎ ዕድሜያቸውን ሙሉ የተከታተለና እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2002 የታተመ ጥናት አለ። በዚህ ጥናት ከጓደኞቻቸው ምግብ ሩብ እየተቀነሰ የተመገቡት አጋማሽ ዕድሜያቸው 13 ዓመት ሲሆን፥ የሌሎቹ ግን 11 ዓመት ከጥቂት ወራት ነበረ። በ2019 የታተመውና ከ50,000 በላይ ውሾችን የመረመረው ሌላው ጥናት ደግሞ፥ ዮርክሻየር ቴርየር በሚባለው ትንሽ ዘር ወፍራሞቹ ወንዶች ከመካከለኞቹ ይልቅ እስከ 2 ዓመት ተኩል ቀድመው እንደሚሞቱ አሳይቷል። እንግዲህ በጉርሻ የምንሰጠውን ፍቅር በዕድሜ መልሰን እንወስደዋለን።

ውሻችሁ መወፈሩን ለማወቅ ሦስት ነገሮችን መመልከት ይበቃል። 1ኛ፥ በእጃችሁ ጎኑን ዳሱ፤ ሳትጫኑት የጎድን አጥንቱ ከተቈጠረ መልካም ነው፤ ተጭናችሁም ካላገኛችሁት ስቡ በዝቷል። 2ኛ፥ ቆሞ ሳለ ከላይ ተመልከቱት፤ ከጎድኑ በኋላ ወገቡ ገባ ማለት አለበት። 3ኛ፥ ከጎኑ ተመልከቱት፤ ሆዱ ወደ ኋላ እግሩ ሲሄድ ከፍ ማለት ይገባዋል። ጠጕረ ረጅም ውሻ ግን ዓይንን ስለሚያታልል፥ በእጅ መዳሰሱ ይበልጣል።

ሚዛን ደግሞ በቡና አገር አይቸግርም። በሰው ሚዛን ላይ ውሻውን ታቅፋችሁ ቁሙ፤ ቀጥሎም ብቻችሁን ቁሙ፤ ልዩነቱ የውሻው ክብደት ነው። ይህንም በየሳምንቱ በአንድ ቀንና በአንድ ሰዓት እያደረጉ በደብተር መጻፍ ይጠቅማል።

ቡቺ 7 ኪሎ ግራም መዝኖ ተገቢው ክብደቱ 5 ኪሎ ቢሆን፥ ለመቀነስ የሚሰጠው ምግብ በቀን ወደ 230 ካሎሪ ይሆናል። በዚህ አኳኋን በሳምንት ከክብደቱ ከመቶ አንድ ወይም ሁለት እጅ ቢቀንስ ደግ ነው፤ ይኸውም ከ70 እስከ 140 ግራም ማለት ነው። ስለዚህ 2 ኪሎውን ለመጣል 5 ወር ያህል ያስፈልገዋል። ቶሎ ይክሳ ብሎ ማስራብ ግን ጉዳት አለው፤ ጡንቻው ይመነምናል፤ ከረኃቡም የተነሣ ቆሻሻ ፍለጋ ይወጣል። የቀኑን ቀለብ ጧት ለክቶ በአንድ ዕቃ ማስቀመጥና ቤተ ሰቡ ሁሉ ከዚያው ዕቃ ብቻ እንዲሰጠው መስማማት ከሁሉ የተሻለ ዘዴ ነው። ልጆች መስጠት ደስ ስለሚላቸው አትከልክሏቸው፤ በአምባሻው ፈንታ የተቀቀለ ካሮት ወይም ፎሶሊያ ወይም ዱባ በትንንሹ ተቆርጦ ይሰጣቸውና ያጉርሱት። እንዲህ ያለው ጭማሪ ከቀኑ ምግብ ከአሥር አንድ እጅ እንዳይበልጥ ብቻ ተጠንቀቁ።

ከሚቀነሰው ምግብ ሌላ ፈጽሞ የማይሰጥም አለ። በቡና አገር ስንኖር ከሁሉ በፊት የሚነገረው ቡናው ራሱ ነው። ካፌይን ለውሻ መርዝ ነው። በክብደቱ በእያንዳንዱ ኪሎ ግራም 20 ሚሊ ግራም ያህል ሲደርሰው መቅበጥበጥ፥ ማለክለክና ማስታወክ ይጀምረዋል፤ 60 ሚሊ ግራም ከደረሰ ሰውነቱ ሊንዘፈዘፍ ይችላል። ለ5 ኪሎ ውሻ የመጀመሪያው መጠን 100 ሚሊ ግራም ነው፤ ይህም 10 ግራም ከማይሞላ የቡና ዱቄት ይገኛል። የጀበናው አተላም ካፌይኑን ፈጽሞ ስላልጨረሰ፥ ውሻ በሚደርስበት ሥፍራ አይደፋ። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ቡናው በሚለቀምበት ወራትም ጣፋጩ ቀይ እሸትና ልጣጩ በየግቢው ስለሚገኝ፥ ትንሹን ውሻ ከማድረቂያው አልጋ ሥር ማራቅ ያስፈልጋል። ቡናን ከነልጣጩ በቅቤ አብስሎ መመገብ የኦሮሞ ሕዝብ ያቆየው የተከበረ ልማድ ነው፤ ይህ ቡና ቀላ የሚባለው ምግብ ግን ለውሻ ካፌይኑንና ስቡን በአንድነት ስለሚያሸክመው፥ ከድግሱ አንዲት ፍሬ እንኳ ለውሻው መቅመስ አይገባም።

ሁለተኛው ወጣችን ነው። ሽንኩርት፥ ጥሬም ቢሆን የበሰለም ቢሆን፥ የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል፤ ነጭ ሽንኩርትም ከዚያ ይብሳል። ለ5 ኪሎ ውሻ ከ75 እስከ 150 ግራም፥ ማለት አንድ መካከለኛ ሽንኩርት፥ ሊጎዳው ይችላል። የዶሮ ወጥ ስንት ሽንኩርት እንደሚፈጅ ወጥ ሠሪ እመቤቶች ያውቁታልና፥ ድስት ጠርጎ ለውሻ መስጠት ደግነት መስሎ ጥፋት ነው። ምልክቱም ከቀናት በኋላ ይመጣል፤ ድዱ ይነጣል፤ ሽንቱም ይጠቁራል። እንዲሁም ቸኮላታ፥ ዘቢብና ወይን፥ የሚያሰክር መጠጥ፥ ተሰንጥቆ አንጀት የሚወጋ የበሰለ አጥንት ሁሉ ይከልከሉት። የበግና የከብት ሳንባና ጉበትም ጥሬውን አይሰጥ፤ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ካለበት ውሻው ትል ይወስድበታል፤ ከውሻውም ወደ ሰው፥ ይልቁንም ወደ ሕፃናት፥ የሚተላለፍ ክፉ በሽታ ነው።

አሁን ወደ ማከኩ እንመለስ። ውሻ ሲያክ ያዩ ሰዎች ብዙ ጊዜ «ምግብ አልተስማማውም» ይላሉ። ይህ እውነት የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ግን አስቀድሞ መጠርጠር ያለበት ቁንጫ ነው። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች፥ ዝናብ የሚበዛላት ለምለም አገር ናት፤ የሚያለመልመው እርጥበትና ሙቀት ግን ለቁንጫና ለቆዳ ፈንገስም ይመቻል። የውሻውን ጀርባ ከጭራው ሥር በጥቅጥቅ ማበጠሪያ አበጥሩና የወጣውን ጥቁር ብናኝ በእርጥብ ነጭ ወረቀት ላይ አራግፉት፤ ብናኙ ቀላ ያለ ቀለም ከተፋ የቁንጫ ፋንድያ ነው። ቁንጫ ከውሻው ገላ ይልቅ በመኝታውና በወለሉ ስለሚራባ፥ መኝታውን በፍል ውሃ ማጠብና ቤቱን መጥረግ የሕክምናው እኩሌታ ነው። በጆሮው ጫፍና በክርኑ ላይ ጠጕሩ ረግፎ ከቀረፈተ፥ የቤቱም ሰዎች ማከክ ከጀመሩ፥ እውነተኛው እከክ ስለሆነ ወደ ሐኪም መሄድ ይገባል። ጋዝ ወይም የተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባት፥ ለከብት መዥገር የተዘጋጀውንም መድኃኒት በግምት መርጨት እጅግ አደገኛ ነው፤ ውሻው ገላውን ሲልስ መርዙን ይውጠዋልና።

ውፍረቱና ማከኩም አንዱ ለሌላው ይመቻቻሉ። የወፈረ ውሻ ቆዳው ይታጠፋል፤ በእጥፋቱም ውስጥ እርጥበት ይቀመጣል፤ በዚያም ፈንገስ ይራባል፤ ገላውንም ዞሮ ማጽዳት ይሳነዋል። ስለዚህ ክብደቱ ሲቀንስ ቆዳውም ዕረፍት የሚያገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። ነገር ግን ጥቂት እየበላ የሚወፍር፥ ጠጕሩ ሳያሳክከው የሚሳሳና የሚደክም ውሻ ቢኖር፥ በአንገቱ ያለው የታይሮይድ ዕጢ ሰንፎ ሊሆን ስለሚችል ደሙን ማስመርመር ያስፈልጋል።

ቁንጫውም እከኩም ከጠፋ በኋላ፥ እግሩን መላሱና ጆሮውን ማከኩ ክረምት ከበጋ ካልተወ፥ ያን ጊዜ ምግቡን መጠርጠር ይገባል። ሰው ሁሉ እህሉን ይጠረጥራል፤ ዳሩ ግን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2016 በታተመውና የ297 ውሾችን ታሪክ ባሰባሰበው ጥናት፥ የምግብ አለርጂ ካለባቸው ከመቶው 34ቱን ያሳከካቸው የከብት ሥጋ ነበረ፤ 17ቱን የወተት ዘር፥ 15ቱን ዶሮ፥ 13ቱንም ስንዴ አሳክኳቸዋል። በኛ ቤት የክብር ምግብ የሆኑት ሥጋ፥ ቅቤና ዶሮ በሰልፉ ፊት መገኘታቸውን ልብ በሉ።

በዚህ ነገር የክርስቲያን ቤተ ሰቦች ሳያስቡት አንድ ምልክት ሊያገኙ ይችላሉ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ በነዚህ ቀኖች ከቤቱ ሥጋ፥ ወተት፥ ቅቤና እንቁላል ይጠፋል፤ ውሻውም ሳይወድ ከጌቶቹ ጋራ ይጾማል። ቡቺ በጾሙ መጨረሻ ማከኩን ትቶ፥ በፋሲካ ሳምንት እንደ ገና ቢጀምረው፥ እመቤቲቱ ልትመረምረው የሚገባ ነገር አገኘች ማለት ነው። ሆኖም ምልክት ማስረጃ አይደለም። በጅማ በኩል ፋሲካ የሚውለው ዝናቡ በሚበረታበት ወራት ስለሆነ፥ ማከኩን የመለሰው ሥጋው ሳይሆን ቁንጫው ወይም እርጥበቱ ሊሆን ይችላል። የጾም ሽሮም ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ስላለበት ለውሻ የሚገባ ምግብ አይደለም።

ስለዚህ እውነቱን ለማወቅ የተለየ ፈተና ያስፈልጋል። የእንስሳት ሐኪሞች የሚያደርጉት እንዲህ ነው። ውሻው ከዚህ በፊት በልቶት የማያውቀውን አንድ የሥጋ ዓይነትና አንድ የሥር ተክል ይመርጡና ለ8 ሳምንት ያን ብቻ ይመግቡታል። በጅማና በአካባቢዋ ለዚህ የሚመች ምግብ አለ፤ ብዙ የቤት ውሾች ዓሣ ቀምሰው አያውቁምና፥ ከግልገል ጊቤ ውሃ የሚወጣው ዓሣ ከስኳር ድንች ጋራ ሊስማማ ይችላል። ለምሳሌ ቡቺ ክብደቱን እየቀነሰ ፈተናውን ቢጀምር፥ አጥንቱ ፈጽሞ የወጣለት 120 ግራም የተቀቀለ ዓሣና 100 ግራም የተቀቀለ ስኳር ድንች፥ ያለ ጨው፥ ያለ ቅመምና ያለ ቅቤ፥ ለሁለት ተከፍሎ ጧትና ማታ ቢሰጠው ያን 230 ካሎሪ ያህል ይሞላለታል።

የፈተናው ጠላት አንዲት ጉርሻ ናት። ሰባት ሳምንት የተደከመበት ሥራ በአንዲት ቍራጭ ሥጋ ይበላሻል። ስለዚህ ለልጆቹም፥ ለሠራተኛዋም፥ ለጎረቤትም አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል፤ በቡናው ሰዓትም ውሻውን ወደ ሌላ ክፍል ማግባት ይሻላል። ምግብ ያስከፋቸው ከነበሩት ውሾች ከመቶው 80ው በ5 ሳምንት፥ ከ90 በላይ የሚሆኑትም በ8 ሳምንት ይሻላቸዋል። ከተሻለው በኋላ ግን ፈተናው አላለቀም፤ የቀድሞው ምግብ አንድ በአንድ ይመለስለታል። በመጀመሪያ የከብት ሥጋ ብቻ ለሁለት ሳምንት ይጨመርለታል፤ ማከኩ ከተመለሰ ጥፋተኛው ታወቀ፤ ካልተመለሰ ወደ ወተቱ፥ ከዚያም ወደ ዶሮው ይታለፋል። ይህን ትዕግሥት ያላደረገ ሰው፥ ያልበደለውን ምግብ ሲከለክል ይኖራል።

ዓሣና ስኳር ድንች ብቻውን ግን የዕድሜ ልክ ቀለብ ሊሆን አይችልም፤ ካልሲየምና ሌሎችም ማዕድኖች ይጎድሉታል። ለቡችላ፥ ለእርጉዝና ለታመመ ውሻም ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይጀመር። በእንጀራና በዳቦ ብቻ የሚኖር ውሻ ደግሞ ዚንክና ፕሮቲን ስለሚያንሰው ቆዳው ይቀረፍታል፤ ጠጕሩም ብርሃን ያጣል። ለደረቀ ቆዳ የኑግ ዘይት ጥቂት ይረዳል፤ ቆዳን የሚያለሰልሰው ሊኖሌይክ የተባለው የዘይት ዓይነት በኑግ ውስጥ እጅግ ብዙ ነውና። ሆኖም አንድ የሻይ ማንኪያ ኑግ 40 ካሎሪ ያህል ስላለው፥ ከቀለቡ ላይ ታስቦ ይቀነስ። በፈተናው 8 ሳምንት ውስጥ ግን ምንም ዘይት አይጨመር።

በዓል በመጣ ጊዜ ሁሉ፥ የፋሲካም ሆነ የገና፥ የዒድም ሆነ የአረፋ፥ ጥንቃቄው ይጽና። ሲቀነስለት የከረመ ውሻ በአንድ ቀን ሞራና ጮማ ቢበላ ቆሽቱ ሊቆጣ ይችላል፤ ደጋግሞ ቢያስታውክ፥ ሆዱንም አሞት ጀርባውን ቢያጎብጥ ማለዳን ሳትጠብቁ ለሐኪም አሳዩት። ቡና ወይም ዘቢብ የበላ ውሻም እንደዚሁ ነው። በጅማ ዩኒቨርሲቲ የእርሻና የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ስላለ፥ የጅማ ሰው ከሌላው ይልቅ ለምክር ቅርብ ነው።

እንግዲህ የተወደዳችሁ አንባቢዎች፥ ነገሩ ሁሉ የሚጠቃለለው በእጃችን ነው። ውሻው ሣጥን ከፍቶ ቅቤ አላወጣም፤ የሰጠነው እኛ ነን። ስለዚህ እጃችን ከሰጠው ውስጥ የሚጎዳውን ሲሰበስብ፥ ፍቅራችን አይጎድልም። ቡቺ በቡናው ሰዓት ዓይን ዓይናችሁን ሲያያችሁ፥ ጎኑን እያሻሻችሁ የጎድን አጥንቱን ቍጠሩለት፤ ከቡናውም በኋላ እስከ ደጅ ወስዳችሁ ጥቂት አንሸራሽሩት። ጉርሻ ለምዶ የቀረበት ውሻ አንድ ሁለት ሳምንት ያኮርፍ ይሆናል፤ በወሩ ግን ሳይቀሰቅሳችሁ ያድራል።